የጓሮ አትክልት ከክረምት ወደ መጸው

በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ይገባል፤ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወራት መጸው ይባላል። ሰማዩ ግን ይህን ቁጥር ሁልጊዜ አይጠብቅም። መቀሌና አካባቢዋ በዓመት ከሚያገኙት ወደ 600 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ መስከረም ከጠባ በኋላ ዝናቡ ይሳሳል፤ ብዙ ጊዜም የመስቀል በዓል ሳይደርስ ይቆማል። በቁጥር ክረምቱ ገና ሳይወጣ ውሃው አልቋል ማለት ነው።

በቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ በነሐሴ ወር የተዘዋወረ ሰው በየግቢው ጎመኑ ለምልሞ፣ የዱባው ሐረግ በአጥሩ ላይ ተስቦ፣ ጤና አዳሙ በበሩ አጠገብ አድጎ ያያል። በጥቅምት መጨረሻ ወደዚያው ግቢ የተመለሰ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የደረቀ ግንድና የተሰነጠቀ መሬት ነው። አትክልቱ የደረቀው ባለቤቱ ሰነፍ ስለ ሆነ ነው ለማለት አንደፍርም፤ በነሐሴ መሠራት የነበረበት ሥራ ለጥቅምት ስለ ተተወ ነው እንጂ። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ለአንባቢዎቻችን አንድ ነገር ለማስረዳት እንወዳለን። ይኸውም የጓሮ አትክልት ቤተ ሰብን ይበልጥ የሚጠቅመው ዝናቡ ከቆመ በኋላ ባሉት ወራት መሆኑንና፣ ለእነዚያም ወራት ዝግጅት የሚደረገው ዝናቡ ገና በሚዘንብበት ጊዜ መሆኑን ነው።

ለጤና ስለሚሰጠው ጥቅም

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። የብዙው የከተማችን ሰው የዘወትር ማዕድ እንጀራና ሽሮ ነው። ሽሮ ከጥራጥሬ የሚዘጋጅ በመሆኑ ሰውነትን የሚገነባ መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን ቪታሚን ኤና ቪታሚን ሲ እምብዛም የለውም። ቪታሚን ኤ የጎደለው ሕፃን ዳፍንት ይይዘዋል፤ ማለት በመሸ ጊዜ ማየት ይሳነዋል። ጉድለቱ የጸና እንደ ሆነ ዐይኑ እስከ መጥፋት ይደርሳል፤ ኩፍኝ ወይም ተቅማጥ በያዘውም ጊዜ በሽታው ይበረታበታል። ይህን ቪታሚን የሚሰጡን ደግሞ በጓሮ በቀላሉ የሚበቅሉት ዱባ፣ ካሮት፣ ጎመንና ቆስጣ ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆነው ሕፃናት መካከል 37 ከመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ፣ ማለት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። መንግሥት በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ያወጣው፣ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ነው። ሥራውም በመጀመሪያ የተያዘው በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነበር። ይህ ትልቅ ዓላማ በቢሮ ብቻ አይፈጸምም፤ በየጓሮውና በየማድ ቤቱ ጭምር የሚፈጸም ነው።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በክልላችን በነበረው ጦርነት ጊዜ፣ መንገድ ተቋርጦ ባንክም ሥራውን አቁሞ በነበረባቸው ወራት፣ ገንዘብ በእጁ የሌለው ሰው ከገበያ አትክልት ገዝቶ ለመብላት አልቻለም። በዚያ ዘመን አንድ መደብ ጎመን የነበረው ቤተ ሰብ የጓሮን ዋጋ ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ያውቀዋል። እርግጥ ነው፣ የጓሮ አትክልት የጤፍንና የስንዴን ቦታ አይተካም፤ ረኃብንም ብቻውን አያጠፋም። ነገር ግን እንጀራ ብቻውን የማይሰጠውን ነገር ለማዕዱ ይሰጣል።

ስለ ዐፈሩና ስለ መደቡ

መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የአካባቢዋ ምድር በብዙው የኖራ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ዐፈሩ ኖራ ይበዛበታል፤ በዝቅተኛ ስፍራ ደግሞ ጥቁርና የሚያጣብቅ ዋልካ ይገኛል። ኖራ በበዛበት ዐፈር ላይ የበቀለ ተክል፣ የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ እንደ ሆነ መካከሉ ሲገረጣ ይታያል። ይህም የሚሆነው ተክሉ ብረት የተባለውን ማዕድን ከዐፈሩ ስቦ ለመውሰድ ስለሚሳነው ነው። ዋልካ በበኩሉ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥሩን ያበሰብሳል፤ በበጋም ደርቆ ይሰነጠቃል። ለሁለቱም የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም በሚገባ የበሰለ ብስባሽ ነው።

ብስባሽ ለማዘጋጀት በግቢው ጥግ ርዝመቱም ወርዱም 1 ሜትር የሆነ ስፍራ ይበቃል። የአትክልት ልጣጭ፣ የታረመ አረም፣ የወደቀ ቅጠልና ጭድ እርጥቡና ደረቁ እየተፈራረቀ ይከመራል። የከብት ወይም የዶሮ ኩስ ቢጨመርበት መልካም ነው። በየ3 ሳምንቱ ይገለበጣል፤ እርጥበቱም ተጨምቆ እንደ ተለቀቀ ጨርቅ ያህል ሆኖ ይጠበቃል። ከ3 እስከ 4 ወር ሲሞላው ሽታው ጠፍቶ ጥቁር ዐፈር ይመስላል። በሐምሌ የተከመረው በጥቅምት ይደርሳል ማለት ነው። የምድጃ አመድ ግን ኖራ በበዛበት ዐፈራችን ላይ እንዳይበዛ ያስፈልጋል፤ አመድም እንደ ኖራው ዐፈሩን ስለሚያከረው ጉድለቱን ያብሰዋል። ሥጋ፣ ቅባት፣ የሰው፣ የውሻና የድመት ዐይነ ምድር በማናቸውም ጊዜ ከብስባሹ ውስጥ ሊገባ አይገባም።

የመደቡ ወርድ 1 ሜትር ቢሆን በግራና በቀኝ ቆሞ ለመኮትኮት ይመቻል፤ ዐፈሩም በእግር አይረገጥም። ቁመቱን በሚመለከት ግን ክረምትና መጸው ይለያያሉ። በክረምት መደቡ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በዙሪያው ውሃ መውረጃ ይበጅለታል፤ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። በመስከረም የሚሠራው አዲስ መደብ ግን በተቃራኒው ከመሬት ጥቂት ዝቅ ይላል፤ የሚፈስበትም ውሃ ወደ ውጭ እንዳይሄድ በዙሪያው አነስተኛ ክትር ይደረግለታል። ቀድሞ ከፍ ብሎ የተሠራውም መደብ ተክሉ ሳይነካ በጠርዙ ዙሪያ ዐፈር ቢታቀፍለት ውሃውን ይይዛል። ብዙ ሰው የክረምቱን መደብ እንደ ነበረ ስለሚተወው፣ በጥቅምት በድካም ያመጣው ውሃ ከመደቡ ጫፍ ተንሸራቶ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚህም ጋር የመደቡን ስፋት በጊዜው መቀነስ ጥበብ ነው። በክረምት ሰማይ የሚያጠጣውን 12 ካሬ ሜትር በመጸው በእጃችን ለማጠጣት ከሞከርን ሁሉም እኩል ይጠወልጋል። 5 ካሬ ሜትር መርጠን በሚገባ ብንይዝ ግን ለአንድ ቤት ጎመንና ቆስጣ ሳይቋረጥ ሊገኝበት ይችላል።

ስለ ውሃ

የከተማችን የመጠጥ ውሃ በአብዛኛው የሚገኘው በዓይናለም ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው፤ ሁሉን ለማዳረስ ስለማይበቃም በየሰፈሩ በፈረቃ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ቤተ ሰብ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ያጠራቀመውን ውሃ ለአትክልት ያፍስስ ብለን አንመክርም። ለአትክልቱ የሚሆነው ውሃ ከሁለት ስፍራ ይገኛል፤ ከጣሪያና ከማጠቢያ።

የጣሪያውን ነገር በቁጥር እናሳይ። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ስፋቱ 30 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር የሚለካ አንድ ጠንካራ የነሐሴ ዝናብ ቢዘንብ፣ የሚወርደው ውሃ 600 ሊትር ነው። የሚፈሰውና የሚረጨው ሲቀነስለት እንኳ እያንዳንዳቸው 200 ሊትር የሚይዙ ሦስት በርሜሎችን ለመሙላት ጥቂት ብቻ ይጎድለዋል፤ የሚቀጥለው ዝናብም ይሞላዋል። በደረቁ ወራት ለ1 ካሬ ሜትር መደብ በቀን 4 ሊትር ያህል የሚያስፈልግ ሲሆን፣ 5 ካሬ ሜትር 20 ሊትር ይጠጣል። እንግዲህ ሦስቱ በርሜሎች ብቻቸውን አንድ ወር ሙሉ ያደርሳሉ።

በአማርኛ የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት ቆርቆሮ አሸንዳ ይባላል፤ በትግራይ ደግሞ አሸንዳ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የሚከበረው የልጃገረዶች በዓል ነው። የስሙ መመሳሰል ለማስታወስ ይጠቅመናል። የበዓሉ ከበሮ በሚሰማበት ሳምንት የጣሪያችን አሸንዳ ተጠርጎ፣ በርሜሉም ታጥቦ ከሥሩ ተቀምጦ መገኘት ይኖርበታል። ጳጉሜን ሲገባ ያልሞላ በርሜል ከዚያ በኋላ ስለ መሙላቱ መተማመኛ የለውም።

ሁለተኛው ውሃ አትክልትና ጥራጥሬ የታጠበበት፣ እጅና ልብስ የተለቀለቀበት ውሃ ነው። ይህን ለመጠቀም አራት ነገር ይጠበቃል። በመጀመሪያ፣ በረኪና የገባበት ወይም ቅባት የበዛበት ውሃ አይፈስስም። ሁለተኛ፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ወይም የበሽተኛ ልብስ የታጠበበት ውሃ ከአትክልት ፈጽሞ ይራቅ። ሦስተኛ፣ ውሃው በሥሩ በኩል ይፍሰስ እንጂ ቅጠሉን አይንካ፤ በጥሬው ለሚበላ እንደ ሰላጣና ካሮት ላለ አትክልትም አይሁን፤ ለእነርሱ የጣሪያው ውሃ ይቀመጥላቸው። አራተኛ፣ ከአንድ ቀን በላይ ተጠራቅሞ አይቆይ፤ ይሸታልና።

ማጠጣት የሚገባው ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይልቅ በየሁለት ቀኑ ውሃው ወደ ሥሩ እስኪደርስ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ተክሉ ይጠነክራል። ካጠጡ በኋላ መደቡን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ እርጥበቱ በፀሐይ እንዳይወሰድ ያደርጋል። የከተማችንም ነፋስ ሊዘነጋ አይገባም። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ከመቀሌ ብዙ ሳይርቅ የተተከለው የአካባቢው ነፋስ ብርቱ በመሆኑ ነው። ይኸው ነፋስ መደቡን ያደርቃል፤ ችግኙንም ያጎብጣል። ስለዚህ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አንድ ረድፍ ሱፍ ወይም በቆሎ መትከል ይጠቅማል።

የየወሩ ሥራ

ሐምሌ። ውሃ መውረጃው ይከፈታል፤ ብስባሹ ይከመራል። የጥቅል ጎመን፣ የቆስጣና የሰላጣ ዘር በችግኝ መደብ ይዘራል። ዱባው በሰኔ ካልተተከለ በዚህ ወር መጀመሪያ ሳይዘገይ ይተከላል። ቲማቲም ግን በዚህ ወቅት ቅጠሉን የሚያጠቁር በሽታ ስለሚያገኘው፣ ችግኙ ወደ ክረምቱ መጨረሻ እንዲደርስ አድርጎ ማዘግየት ይሻላል።

ነሐሴ። ችግኙ ከ4 እስከ 5 ቅጠል ሲያወጣ፣ ደመና ባለበት ቀን ወይም ወደ ማታ ይዛወራል። ይህ ወር የፍልሰታ ጾም የሚጾምበት በመሆኑ፣ ከሰኔ ጀምሮ የቆየው ጎመን (በአካባቢው ሓምሊ የሚባለው) ለማዕድ ይደርሳል። ቅጠሉ ከታች በኩል እየተቀነጠበ ልቡ ከተተወ ተክሉ ለብዙ ወራት ይሰጣል፤ ከነሥሩ የሚነቀል ግን አንድ ቀን ብቻ ይበላል።

ጳጉሜንና መስከረም። በርሜሎቹ ይሞላሉ፤ መደቡ ይጎዘጎዛል፤ ዝቅ ያለው አዲስ መደብ ይሠራል። ካሮትና ቀይ ሥር መዛወር ስለማይወዱ በቀጥታ በመደቡ ላይ ይዘራሉ። ነጭ ሽንኩርት በጥርሱ ይተከላል፤ የቀይ ሽንኩርት ዘርም ለችግኝ ይዘራል። የመጨረሻው ዝናብ ዘሩን እንዲያበቅልልን ይህ ሁሉ ከመስቀል በፊት ቢያልቅ ይመረጣል።

ጥቅምት። ካሮቱ ይሳሳል፤ አረሙ ይነቀላል። ዝናቡ ከቆመ በኋላ በጎመን ቅጠል ሥር ክሽክሽ የተባለው ጥቃቅን ተባይ ይበዛል። የተጠቃውን ቅጠል ቆርጦ መጣል፣ የቀረውንም ጥቂት ሳሙና በተበጠበጠበት ውሃ ማጠብ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ለትኋንና ለበረሮ የተዘጋጀ መድኃኒት፣ ወይም ከእህል ጎተራ የተረፈ መርዝ በሚበላ ቅጠል ላይ መርጨት ግን ቤተ ሰብን በገዛ እጅ መመረዝ ነው።

ኅዳር። ዱባው ግንዱ ሲደርቅና በጥፍር ሲጫን ልጣጩ አልቧጠጥ ሲል ይቆረጣል። ከነአንገቱ ተቆርጦ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ ቢቀመጥ ለብዙ ወራት ይቆያል። ሌሊቱ እየበረደ ስለሚሄድ ለቲማቲምና ለቃሪያ ማታ ማታ ጭድ ማልበስ ይገባል።

ስለ አበባ

በጤና ጽሑፍ ውስጥ አበባ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አበባ ንብን ይጠራል፤ ንብም ዱባን ያፈራል። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻው ነው፤ ሴቴዋ ከአበባዋ በታች ትንሽ ፍሬ ይዛ ትታያለች። ንብ የወንዴውን ዱቄት ወደ ሴቴዋ ካላደረሰ ያች ትንሽ ፍሬ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። በክረምት ዝናብ ንቡ ከቀፎው በማይወጣበት ጊዜ፣ ማለዳ የወንዴውን አበባ ቆርጦ በሴቴዋ ላይ በእጅ መነካካት ይቻላል። በአትክልቱ መካከል አበባ ሲኖር ግን ንቡ ራሱ ይህን ሥራ ይሠራል።

ከአበባዎቹ ሁሉ የሚቀድመው የራሳችን አደይ ነው፤ በትግርኛ ገልገለ መስቀል ይባላል። ሳይተክሉት በቅሎ በመስከረም ያብባል። ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ከተቆረጠ በኋላ ግን ጥቂቱ ሳይነካ ይተው፤ በጥቅምትና በኅዳር ዘሩ ሲረግፍ ለሚመጣው ዓመት ይሆናል። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ የሚባለው ምድር አበባ የምታወጣበት በመሆኑ ነው። ጽጌረዳ ያለው ሰው የረገፈውን አበባ እየቆረጠ ቢያስወግድ አዲስ ቀንበጥ ያወጣለታል። በሶብላ (በትግርኛ ሰሰግ) እና ጤና አዳም ደግሞ በጣሳም ይበቅላሉ፤ ጓሮ የሌለው ሰው እንኳ በእነርሱ ሊጀምር ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች

የጓሮ አትክልት በንጽሕና ካልተያዘ ጤና ይሰጣል ተብሎ በሽታን ያስገባል። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን በጥብቅ እናሳስባለን።

የአትክልቱ መደብ ከመጸዳጃ ቤት የራቀና ከእርሱ በላይ በኩል የሆነ ይሁን። የሰው ዐይነ ምድር ለማዳበሪያ አይግባ፤ የወስፋት እንቁላል በዐፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላልና። በከተማ ውስጥ ከሚያልፍ ቦይ ወይም ፍሳሽ ከተቀላቀለበት ወንዝ የተቀዳ ውሃም በጥሬው ለሚበላ አትክልት አይሁን፤ የአንጀት ተስቦ፣ አሜባና ጃርዲያ በዚያ መንገድ ይመጣሉ። ያልበሰለ የከብት እበትም ከሰላጣ መደብ ላይ አይጣል።

የውሃ በርሜል ሁልጊዜ በሚገባ ይከደን፤ ክዳን ከሌለው በወፍራም ጨርቅ ይታሰር። ትንኝ በውሃ ላይ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ ትንኝ በርሮ ይወጣል። ስለዚህ የአበባ ማስቀመጫ ሳሕንም ሆነ በግቢው የተጣለ ጣሳና አሮጌ ጎማ በየሳምንቱ ውሃው ይደፋ። ወባ የቆላ በሽታ ነው በሚል መዘናጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አዲስ የወባ ትንኝ በከተማ ውስጥ ውሃ በሚጠራቀምበት በርሜልና ገንዳ የምትራባ ናት፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ በደረቁ ወራት የወባ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም ምክንያት ሆና ተገኝታለች።

ዐፈር በሚቆፈርበት ጊዜ ጫማ ይደረግ። እጅ ወይም እግር የቆሰለ እንደ ሆነ ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ተሐዋስ የሚኖረው በዐፈርና በፍግ ውስጥ ነው። ጦርነት ባለፈበት አገራችንም ስንቆፍር የማናውቀው ብረት ብናገኝ አንንካው፤ ሕፃናትን አርቀን፣ ስፍራውን ምልክት አድርገን፣ ለፖሊስ እናስታውቅ።

ከመደብ ወደ ማዕድ

ቅጠሉ ከመከተፉ በፊት አንድ በአንድ በሚፈስስ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ቪታሚኑን ከውሃው ጋር መድፋት ነው። ሎሚና ጨው ጣዕም ይጨምራሉ እንጂ የወስፋትን እንቁላል ይገድላሉ ብሎ መተማመን አይገባም፤ ስለ ውሃው ንጽሕና የተጠራጠረ ሰው አትክልቱን አብስሎ ይብላ። ጎመን ለረጅም ጊዜ በመቀቀሉ ምክንያት ቪታሚን ሲ ከውስጡ ያልቃል፤ ስለዚህ ውሃው ጥቂት ሆኖ ድስቱ ተከድኖ በአጭር ጊዜ ይብሰል። ጥቂት ዘይት ይጨመርበት፤ ቪታሚን ኤ ያለ ቅባት በሚገባ ወደ ሰውነት አይገባምና። ምስርና ጎመን በሚበላበት ጊዜም ሎሚ ቢጨመቅበት በውስጡ ያለው ብረት ለደም ይበልጥ ይጠቅማል። ሕፃን 6 ወር ሲሞላው፣ ከእናቱ ጡት ጋር፣ የበሰለ ዱባ ወይም ካሮት በገንፎው ውስጥ ተፈጭቶ ይሰጠው።

ለመምህራን

ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም፣ ዝናቡ በሚሳሳበት ወር ስለ ሆነ፣ የትምህርት ቤት አትክልት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይጀመርና ይደርቃል። መምህራን ከነሐሴ ጀምሮ መደቡንና በርሜሉን አስቀድመው ቢያዘጋጁ ተማሪው በገባበት ሳምንት ዘር ለመዝራት ይደርሳል። ከሁሉ በፊት ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ በሜዳ ላይ ይቀመጥ፤ ከዝናብ በኋላ የውሃው ጥልቀት በማስመሪያ ይለካ፤ ተማሪው የጣሪያውን ስፋት ለክቶ ስንት ሊትር እንደ ወረደ ያስላ። ይህ ሒሳብም፣ ሳይንስም፣ የጤና ትምህርትም ነው። ተማሪው በቤቱ በርሜል እንዲያስቀምጥ የሚያደርገውም አዋጅ ሳይሆን ራሱ ያሰላው ቁጥር ነው።

በመጨረሻም ስለ ኅዳር 12 ቀን አንድ ቃል እንጨምር። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ብርቱ ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባና በሌሎችም ስፍራዎች ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ፣ በብዙ ከተማ በዚያች ቀን ቆሻሻን ጠርጎ ማቃጠል ልማድ ሆኗል። ግቢን የማጽዳቱ ሐሳብ እጅግ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን በየግቢው ላስቲክና ፕላስቲክ ስለ በዛ፣ ጢሱ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ሆኗል። ስለዚህ ላስቲኩ ተለይቶ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ፤ የረገፈው ቅጠል፣ የዱባው ሐረግና የደረቀው አደይ ግን ዘሩ ከረገፈ በኋላ ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ይግባ። በኅዳር የተከመረው በመጋቢት ይደርሳል፤ ሰኔ ሲመጣም መደቡ ዐፈሩን ሳይለምን ያገኘዋል።